ሕፃን ክፍል ይዝለልን?

የሰኔ ወር በመጣ ቍጥር የትምህርት ቤቱ ደጅ ሁሉ በወላጅ ይሞላል። ልጁ ስለ ወደቀ የሚያዝን አለ፤ ልጁ አንደኛ ስለ ወጣ ደስታው ከፊቱ የማይጠፋ አለ። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ አንድ ሌላ ነገር ተጨምሯል፤ ይኸውም ገና በመዋዕለ ሕፃናት ያለ ልጅ «ከጓደኞቹ ቀድሟልና አንድ ክፍል ይዝለል» መባሉ ነው። ስለዚህ ነገር በዚህ ዓምድ እንድንጽፍ ያነሣሣን፣ በአንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ዐጸድ ከአንድ ባልና ሚስት ጋር ያደረግነው ንግግር ነው።

ልጃቸው ሴት ናት። በመጪው መስከረም አምስት ዓመት ከመንፈቅ ይሆናታል። ፊደልን ከሀ እስከ ፐ ከነሰባቱ ቤት ለይታለች፤ በመንገድ ስታልፍ የሱቁን ሰሌዳ ሁሉ ታነባለች፤ እስከ መቶም ትቈጥራለች። ትምህርት ቤቷም የቀረውን የመዋዕለ ሕፃናት ዓመት ትታ ወደ አንደኛ ክፍል እንድታልፍ አሳብ አቅርቦላቸዋል። አባትየው ደስ ብሎታል። የአንድ ዓመት ክፍያ ይተርፋል፤ ልጅቱም ቀድማ ትጨርሳለች። እናትየው ግን ጥቂት ዝም ብላ ከቈየች በኋላ፣ «መምህር፣ ልጅቱ እኮ ገና የጫማዋን ክር ብቻዋን አታስርም» አለችን። ምዝገባው ሳይዘጋ መልስ እንሰጣችኋለን ብለን ተለያየን። ይህ ጥያቄ የብዙ ቤት ጥያቄ ስለ ሆነ መልሳችንን ለሁላችሁም እንዲሆን እዚህ እንጽፈዋለን።

አስቀድመን ስለ ስሙ ጥቂት እንበል። አባቶቻችን ለዚህ የትምህርት ክፍል ስም ሲያወጡለት ከግእዝ ሁለት ቃላት ወስደዋል። አንደኛው መዋዕለ ሕፃናት ነው፤ መዋዕል ማለት ዘመን፣ ዕለታት ማለት ነውና የሕፃናት ዘመን ማለት ይሆናል። ሁለተኛው አጸደ ሕፃናት ነው፤ ዐጸድ ደግሞ ዐጸደ ወይን እንደምንለው ተክል የሚተከልበት፣ የታጠረና የተጠበቀ ቦታ ነው። ጀርመናዊው መምህር ፍሬድሪክ ፍሮበል እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1837 የከፈተውን የሕፃናት ቤት በ1840 ሲሰይመው በቋንቋው «የሕፃናት አትክልት ስፍራ» ብሎ ነበር፤ የእኛም ስም ከዚህ ጋር ይገጥማል። ከሁለቱም ስሞች የምንረዳው ይህ ቤት የሩጫ ሜዳ አለመሆኑን ነው። ስሙ ዘመንና ተክል ነው፤ ሁለቱም ጊዜያቸውን ይፈልጋሉ።

በዚያ ቤት ሕፃን የሚማረው ፊደልና ቍጥር ብቻ ቢሆን ኖሮ ፊደልና ቍጥር ያወቀ ልጅ እዚያ የሚቈይበት ምክንያት ባልኖረ ነበር። ነገር ግን ሕፃን በዚያ ቤት ከእናቱ ተለይቶ ማርፈድን ይማራል፤ ተራውን መጠበቅን፣ ያለውን ማካፈልን፣ ሲመታ ሳይመልስ መናገርን፣ የጀመረውን መጨረስን ይማራል። እርሳስ የሚይዙት ጣቶቹም እንዲሁ ጊዜ ይፈልጋሉ። የእጅ አንጓ አጥንቶች በአምስት ዓመት ገና በሙሉ አልጠነከሩምና አእምሮው ገጽ ሙሉ የሚያነብ ሕፃን እጁ ግማሽ ገጽ ጽፎ ሊደክም ይችላል። እነዚህ ነገሮች በውጤት ወረቀት ላይ አይታዩም፤ ይሁን እንጂ አንደኛ ክፍል የሚቆመው በእነዚህ ላይ ነው።

እዚህ ላይ አንዳንድ አንባቢ «በቄስ ትምህርት ቤትስ የፈጠነ ልጅ ያልፍ አልነበረምን?» ሳይለን አይቀርም። መልካም ጥያቄ ነው። በንባብ ቤት ያደግን ሰዎች እንደምናውቀው በዚያ የዓመት ክፍል የሚባል ነገር የለም። ልጁ ሀሁን ይቈጥራል፣ አቡጊዳን ይሻገራል፣ መልእክተ ዮሐንስን ይይዛል፤ በግእዝ፣ በውርድ ንባብና በቁም ንባብ ካነበበ በኋላ ወደ ወንጌል፣ ከዚያም ወደ ዳዊት ይደርሳል። አንዱ ይህን ሁሉ በአንድ ዓመት ይጨርሳል፤ ሌላው ሦስት ዓመት ይፈጅበታል። የኔታ ፈጣኑን አያስቈሙትም፤ ዘገምተኛውንም አይገፉትም። ነገር ግን ልብ እንበል፤ የፈጠነው ልጅ የዘለለው አንዳች ነገር የለም። ሀሁን ሳይቈጥር አቡጊዳ የገባ፣ ውርድ ንባብ ሳያውቅ በቁም ንባብ የተቀመጠ ልጅ አላየንም። ፈጠነ እንጂ አልዘለለም። ከዚህም በላይ ፈጥኖ ዳዊት የደረሰው ልጅ ሀሁ ከሚቈጥሩት እኩዮቹ ጋር በአንድ ዛፍ ጥላ ሥር ይቀመጣል፤ ከእነርሱ ጋር ይጫወታል፤ የኔታም ታናናሾቹን እንዲያስቈጥር ያዝዙታል። ትምህርቱ ወደ ፊት ሄደ እንጂ እርሱ ከእኩዮቹ አልተነጠለም። መፍጠንና መዝለል ሁለት ነገር መሆናቸውን የምንማረው ከዚህ ነው።

ሌላው ደግሞ «አባቶቻችን በዘመናዊው ትምህርት ቤት ደብል ይመቱ አልነበረምን?» ይላል። እውነት ነው፤ ይመቱ ነበር። ከንባብ ቤት ዳዊት ደግመው፣ አንዳንዶቹም ከቅኔ ቤት ወጥተው፣ በዐሥርና በዐሥራ ሁለት ዓመታቸው አንደኛ ክፍል የተመዘገቡ ልጆች በአንድ ዓመት ሁለት ሦስት ክፍል ማለፋቸው የታወቀ ነው። ነገር ግን እነዚያ ልጆች ከታናናሾቻቸው መካከል ተነሥተው ወደ እኩዮቻቸው ነበር የሚሄዱት። መዝለሉ ወደ ዕድሜያቸው መለሳቸው። ዛሬ የአምስት ዓመት ልጅ ስትዘል ግን ከእኩዮቿ መካከል ተነሥታ ወደ ታላላቆቿ ትሄዳለች። ቃሉ አንድ ሲሆን መንገዱ ግን ተቃራኒ ነው። ስለዚህ የአባቶቻችንን ደብል ለሕፃናቱ ምስክር አድርገን ልንጠራው አይገባንም።

የዘመኑ ጥናትስ ምን ይላል? በዚህ ረገድ እውነቱን ሳንሸሽግ ሁለቱንም ወገን መናገር አለብን። በአሜሪካ የአዮዋ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2004 ያወጡት ሰፊ ዘገባ፣ እጅግ ፈጣን የሆኑ ልጆች በሚገባ ተመዝነው ክፍል ቢያልፉ በአማካይ በትምህርታቸው እንደሚጠቀሙና በጠባያቸውም ላይ እንደሚፈራው ያለ ጉዳት እንደማይደርስባቸው ያስረዳል። በሌላ በኩል ሁለት የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች በ2006 የብዙ አገሮችን ተማሪዎች አነጻጽረው፣ በአንድ ክፍል ውስጥ በዕድሜ ታናሽ የሆኑት ከታላላቆቹ ይልቅ በአራተኛ ክፍል ዝቅ ያለ ውጤት እንደሚያገኙ፣ ልዩነቱም እየጠበበ ቢሄድም በስምንተኛ ክፍል ፈጽሞ እንዳልጠፋ አሳይተዋል። እነዚህ ሁለቱ አይጣሉም። የመጀመሪያው የሚናገረው ተመዝነው ስለ ተለዩ ጥቂት ልጆች ነው፤ ሁለተኛው ስለ ብዙኃኑ ነው። ጥያቄው እንግዲህ «ልጃችን ከየትኛው ወገን ናት?» የሚል ይሆናል፤ ለዚህም የወላጅ ፍቅር ብቻውን ታማኝ ዳኛ አይደለም። በዚያው በአዮዋ የተዘጋጀው መመዘኛ እንኳ ልጁ ራሱ የማይፈልግ እንደ ሆነ፣ ወይም ወንድሙ ወይም እኅቱ በሚገባበት ክፍል ያሉ እንደ ሆነ እንዳይዘል ይመክራል።

በአገራችንም በ2015 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ለቅድመ አንደኛ ደረጃ ሁለት ዓመት መድቧል፤ ይህም የአምስትና የስድስት ዓመት ሕፃናት ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ በሰባት ዓመት አንደኛ ክፍል ይጀመራል፤ ስድስት ዓመት አንደኛ ደረጃ፣ ሁለት ዓመት መካከለኛ ደረጃ፣ አራት ዓመት ሁለተኛ ደረጃ ይከተላል። በትምህርቷ የተመሰገነችው ፊንላንድም ልጆቿን አንደኛ ክፍል የምታስገባው በሰባት ዓመታቸው ነው። የልደት ወረቀት ባልነበረበት ጊዜ የእኛ መምህራን ልጁን «እጅህን በራስህ ላይ አሻግረህ ጆሮህን ንካ» ይሉት እንደ ነበር ታላላቆቻችን ያስታውሳሉ። እጁ ካልደረሰ «ለከርሞ ተመለስ» ይባላል። ያ መለኪያ ፍጹም አልነበረም፤ ነገር ግን ልጁ ምን ያኽል ያውቃል ብሎ ከመጠየቅ በፊት ምን ያኽል አድጓል ብሎ የሚጠይቅ መለኪያ ነበር።

እስካሁን ያልነው ከሌሎች የሰማነው ነው። አሁን ግን ከራሳችን እጅ የወጣውን እንናገር።

ከብዙ ዓመታት በፊት በምናስተምርበት ትምህርት ቤት አንድ የአምስት ዓመት ወንድ ልጅ ነበረ። ጋዜጣ ያነብ ነበር። ጥያቄው አያልቅም፤ መምህራኑ ሁሉ ይወዱታል። አባቱ ክፍል እንዲዘል በለመነን ጊዜ ልጁን አስነበብነው፣ አስቈጠርነው፣ ተደነቅን፤ ያለፈበትን ወረቀትም እኛው ፈረምን። በአንደኛ ክፍል ሦስተኛ ወጣ። ስለዚህ ደኅና እንደ ሆነ ቈጠርን። እናቱ ግን ጧት ጧት ሆዴን አመመኝ እያለ እንደሚያለቅስ ነግራን ነበር፤ እኛም ሲለምድ ይተወዋል አልናት። በዕረፍት ሰዓት ከግንቡ ሥር ብቻውን ሲቆም አይተነዋል፤ ታላላቆቹ ልጆች «ጡጦ» ብለው ስም እንዳወጡለትም ሰምተናል። ልጆች ናቸው ብለን አለፍነው። በሦስተኛ ክፍል ጽሕፈቱ ሲበዛ እጁ አልደርስ አለ፤ የሚያውቀውን ፈተና ሳይጨርስ ወረቀቱ ይሰበሰብበት ጀመር። ውጤቱ ወረደ። አባቱም ሰነፍክ ብሎ ገረፈው። ያን ጊዜ ነበር የፈረምነውን ፊርማ ያስታወስነው። ያ ጠያቂ ልጅ ጥያቄ ማቅረብ ካቆመ ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር።

ልጁ አልጠፋም፤ እግዚአብሔር ይመስገን። አድጓል፤ ዩኒቨርሲቲም ጨርሷል። ከጥቂት ጊዜ በፊት በመንገድ ተገናኝተን ይቅርታ ብንጠይቀው በትሕትና ሳቀና፣ «መምህር፣ እርስዎ ክፉ አላሰቡም። ብቻ የዚያን ጊዜ የተጫወትኩት አንድ ልጅ እንኳ ትዝ አይለኝም» አለን። ይህች ቃል እስከ ዛሬ ከልባችን አልወጣችም።

ነገር ግን በሌላውም በኩል በድለናል። አንዲት ልጅ በሕመም ምክንያት ትምህርት ዘግይታ በመዋዕለ ሕፃናት በገባች ጊዜ ሰባት ዓመት ሊሞላት ጥቂት ቀርቷት ነበር። ከእኅቷ ተምራ ታነባለች፤ ቁመቷም ከሕፃናቱ ሁሉ በላይ ነው። እናቷ ወደ አንደኛ ክፍል እንድናሻግራት ብትለምነን ደንብ ደንብ ነው ብለን ከለከልን። ልጅቱ ዓመቱን ሙሉ ከታናናሾቿ ጋር መቀመጥን አፈረች፤ መጽሐፍም ጠላች። ለእርሷ ማለፍ መዝለል አልነበረም፤ ወደ እኩዮቿ መመለስ ነበር። ስለዚህ አሳባችን ማንም ልጅ ከቶ አይለፍ ማለት አይደለም።

እንግዲህ ወላጆች ከመወሰናችሁ በፊት የምትጠይቁትን እንዘርዝር። አንደኛ፣ ልጁ ወደ እኩዮቹ ነው የሚሄደው ወይስ ከእኩዮቹ ይለያል? ሁለተኛ፣ ከዕውቀቱ ሌላ አካሉና ጠባዩ ደርሷልን? ብቻውን ይለብሳልን፣ ይታጠባልን፣ ሲከፋው ለመምህሩ መናገር ይችላልን፣ ግማሽ ሰዓት ሳይታክት ይጽፋልን? ሦስተኛ፣ ልጁ ራሱ ይፈልጋልን? ሕፃን ነው ብላችሁ ይህን አትናቁ፤ ስለ ጓደኞቹ ጠይቁት፣ መልሱንም በትዕግሥት ስሙ። አራተኛ፣ ዓመታቱን ወደ ፊት ቍጠሩ። በአምስት ዓመት ከመንፈቅ አንደኛ ክፍል የገባች ልጅ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍልን የምትጨርሰው በዐሥራ ሰባት ዓመት ከጥቂት ወር ነው። በአገራችን ልማድ ለዩኒቨርሲቲ የሚመደብ ልጅ ብዙ ጊዜ ከቤቱ ርቆ ይሄዳል። ዛሬ የተረፈው የአንድ ዓመት ክፍያ ያን ጊዜ ከእናቷ ጉያ አንድ ዓመት ቀድማ በመውጣቷ ይከፈላል።

አምስተኛውና ትልቁ ጥያቄ ለራሳችን የሚቀርብ ነው፤ ይህን የምንፈልገው ለማን ብለን ነው? የኑሮ ውድነቱን እናውቃለን፤ የትምህርት ቤት ክፍያ የስንቱን ቤት እንዳናጋ እናያለን። ስለ ክፍያ የሚጨነቅ አባት የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን ችግሩ ገንዘብ እንደ ሆነ ስሙን ገንዘብ እንበለው፤ የልጁ ፈጣንነት ነው አንበል። የጎረቤት ልጅ ቀደመ ብሎ የሚደረግ ከሆነም ይህ ትምህርት ሳይሆን ፉክክር ነው። ከዚህም የሚከፋው ለማስመዝገብ ሲሉ በልደት ወረቀቱ ላይ ዕድሜ መጨመር ነው። በአርባ ቀኑ ወይም በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ያስነሣነውን ልጅ ዕድሜ እግዚአብሔር ያውቀዋል። «ስንት ዓመትሽ ነው ቢሉሽ ሰባት በዪ» ተብላ የተላከች ሕፃን በትምህርት ቤት ደጅ የተማረችው የመጀመሪያ ትምህርት ሐሰት ነው።

ልጁ በክፍሉ ቢቈይስ እንዳይሰለች ምን እናድርግ? ይህ ተገቢ ጥያቄ ነው፤ የሚያውቀውን ደጋግሞ የሚሰማ ልጅ ይሰለቻል፣ ይረብሻልም። ለዚህ የንባብ ቤቱ ሥርዓት ይረዳናል። መምህሯን አነጋግሩ፤ በንባብ ሰዓት ከአንደኛ ክፍል ልጆች ጋር ተቀምጣ በቀረው ሰዓት ከእኩዮቿ ጋር ብትሆን ብዙ ችግር የለውም። ከፊደሉ ያልደረሰ ጓደኛዋን እንድታስቈጥር ይደረግ፤ የሚያስተምር ሁለት ጊዜ ይማራልና። በቤትም ተረት አስነብቧት፤ ማታ በጸሎት ጊዜ አቡነ ዘበሰማያትን ከመጽሐፉ እየተከተለች ታንብብ። የግእዝ ንባብ ትጀምር፤ ወደ ሰንበት ትምህርት ቤት ላኳት፣ መዝሙሩን ከጓደኞቿ ጋር ታጥና። በማጀት ምስሩን በስኒ ትስፈር፣ እንቍላሉን ትቍጠር። ስልኩን ግን የእውቀት ምንጭ ነው ብላችሁ አታስታቅፏት። እንዲህ ያለች ልጅ ዓመቷ በከንቱ አያልፍም።

መጽሐፍ ቅዱስም በዚህ ነገር ዝም አላለንም። ሐና ሳሙኤልን ለእግዚአብሔር ተስላ ወልዳ ሳለ፣ ባሏ ሕልቃና ለዓመቱ መሥዋዕት ሲወጣ ልጁ ጡት ሳይተው አልወጣም ብላ ቀርታለች። ስእለቷን አልረሳችም፤ ነገር ግን የልጁን ጊዜ ጠበቀች። ሕልቃናም ደስ ያሰኘሽን አድርጊ ብሎ ተዋት እንጂ አልገፋትም። ጌታችንም በዐሥራ ሁለት ዓመቱ በመቅደስ በሊቃውንት መካከል ተቀምጦ ሲጠይቅ ያዩት ሁሉ ተደንቀው ነበር፤ ወንጌላዊው ሉቃስ እንደ ጻፈው ግን ከዚያ በኋላ ከወላጆቹ ጋር ወደ ናዝሬት ወርዶ እየታዘዘ በጥበብም በቁመትም አደገ። የሁሉ ባለቤት የሆነው እርሱ የሰውን ዕድሜ አልዘለለም። ስለ ማኅሌታይ ቅዱስ ያሬድም እንደሚነገረው ትምህርት አልገባው ብሎ ከአጎቱ ከአባ ጌዴዎን ሸሽቶ ሳለ፣ አንድ ትል ዛፍ ሊወጣ ደጋግሞ ሲወድቅና በመጨረሻ ሲደርስ አይቶ ተመልሷል። ቤተ ክርስቲያናችን እስከ ዛሬ የምትዘምረው ዜማ የተገኘው በልጅነቱ ከቀደመ ሰው ሳይሆን ከዘገየ ሰው ነው። ቀድሞ መድረስ ብቻውን የመደነቂያ ምክንያት አይሆነንም።

ለእነዚያ ባልና ሚስት የምንሰጠው መልስ ይህ ነው። ልጃችሁ በእውነት ፈጣን ናት፤ ስለዚህም እግዚአብሔርን አመስግኑ። ይህን ዓመት ግን ከእኩዮቿ ጋር ትቈይ። ትምህርት ቤቱ በንባብ ሰዓት ወደ አንደኛ ክፍል እንዲያስገባት ጠይቁ። በሚመጣው ሰኔ ደግሞ እንደገና እንመልከታት፤ ያን ጊዜም በጣም ቀድማ ብትገኝ በዕድሜም በአካልም ጠንክራ ስለምትሆን ምክሩ ይቀላል። ስለ ክፍያው አባትየው የነገረን ችግር እውነተኛ ነው፤ ክፍያው አነስተኛ የሆነ ሌላ ትምህርት ቤት ወይም የመንግሥት ቅድመ አንደኛ ክፍል በአካባቢያችሁ ካለ አብረን ሄደን ብንጠይቅ ፈቃደኞች ነን። ልጅቱንም «ስላልቻልሽ ቀረሽ» አትበሏት፤ ያልተፈተነችበትን ነገር እንደ ወደቀችበት እንዳትቈጥረው። የጫማዋንም ክር በዚህ ክረምት እናቷ ታስተምራት፤ መስከረም ሲጠባ አስራ ታሳየናለች።

የሕፃናት አምላክ ልጆቻችሁን በጊዜያቸው ያሳድግላችሁ፤ ለወግ ለማዕረግ ያብቃላችሁ። አሜን።